ለቀብር የምናገኘው ጊዜ

(በመቄት፣ በፍላቂት ከተማ ለተሰበሰበ ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር)



በዚህ ዘመን ከሁሉም አፍ የማይጠፋ አንድ ሮሮ አለ፤ «ጊዜ የለኝም» የሚል። ባለሱቁ ይለዋል፣ መምህሩ ይለዋል፣ አዲስ አበባ ያለው ልጃችን በስልክ ይለዋል። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ጊዜስ አለን። እንዳለን የሚመሰክርብን ደግሞ ቀብራችን ነው።

ሰው ሲሞት የሚሆነውን አስቡት። ጥሩምባ ሲነፋ የሚያርሰው በሬውን ይፈታል፣ ባለሱቁ ይዘጋል፣ የመንግሥት ሠራተኛው ያስፈቅዳል። ከወልድያ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ዘመድ ሌሊቱን ተጉዞ ይደርሳል። «ሥራ በዝቶብኝ ነው የቀረሁት» ብሎ ደፍሮ የሚናገር የለም። ቢኖርም ወሎ ቅሬ፣ ከተሜው እድር የሚለው ማኅበር መቀጫ ይጥልበታል፤ ከደጋገመውም ያስወጣዋል። ከቅሬ ለወጣ ሰው መቃብር የሚቆፍር፣ ለቅሶ የሚደርስ ስለሌለ ከዚህ የከበደ ፍርድ በአገሩ አይታወቅም።

ነገር ግን ያ በሕዝብ ታጅቦ የተቀበረው ሰው ከመሞቱ በፊት ወራት ታሞ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጥሩምባ የነፋለት የለም። በደጁ ያለፈው ብዙ ነው፤ ገብቶ የተቀመጠው ጥቂት። በሞተ ማግስት ግን አልቃሿ ደግነቱን፣ እጀ ሰፊነቱን፣ ለልጆቹ የሆነውን ሁሉ በግጥም ስታወርድ አገር ያለቅሳል። ከነገሩ ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ሰውየው በሕይወት ሳለ አንዱንም ቃል አልሰማም። ምስጋናችንን በሙሉ ለሙሾ አስቀምጠን ኖረናል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ፍቅር ስላጣን አይመስለኝም። ለሞተው ሰው ሕግ አለን፤ ለቆመው ሕጉ እየላላ ሄዷል። አባቶቻችን መዋደድን ለስሜት አልተዉትም፤ ቀን ቆርጠውለት ነበር። የሚካኤል ማኅበር በ12፣ የማርያም በ21 በየወሩ በተራ ይወጣል፤ ባለተራው ቢደኸይም ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ማኅበርተኛውን ይቀበላል። ሰንበቴ አለ። የታረመውም፣ የታጨደውም፣ የተወቃውም በወንፈልና በጅጌ ነበር። የወሎ ሙስሊም ወገናችን በወዳጃው ተሰብስቦ፣ ቡና አፍልቶ፣ ዱዓ ያደርጋል። ቡናውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ የሚጠጣው እንግዳው ቶሎ እንዳይነሣ ጭምር ነው። የተኳረፉ ሰዎች እንኳ በማኅበሩ ቀን ሳይታረቁ ከጽዋው አይካፈሉም ነበር።

ይህ ሥርዓት የላላበትን ምክንያት ማቃለል አልፈልግም። የደጋው መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል አንሷል። ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ፣ ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ፣ ሲከፋም ባሕር ተሻግሮ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳል። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የተመለሱት ወጣቶች ብዙዎቹ የኛው አካባቢና የጎረቤቶቻችን ልጆች ነበሩ። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት የወልድያ–ወረታ መንገድ በከተማችን ሲያልፍ ገበያና ሐኪም አቅርቦልናል፤ ልጆቻችንንም የወሰደብን እሱው ነው። እንጀራ ፍለጋ የወጣን ልጅ «ለምን ከእናትህ ጋር ቡና አትጠጣም?» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

ሆኖም የተሰደደው ልጅ የሚልከው ገንዘብ ድምፁን አይተካም። ብዙ እናቶች ብር መድረሱን የሚያውቁት ከባንክ መልእክት እንጂ ከልጃቸው አንደበት አይደለም። የድምፁን ዋጋ ደግሞ ይህ አገር በመከራ ተምሮታል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላንና አካባቢውን ሲያዳርስ፣ ጋሸናም የጦር አውድማ ስትሆን ስልክ ተቋረጠ። ለወራት በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያሉ ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ አደሩ። ያን ጊዜ አንዲት «አለሁ» የምትል ቃል ለመስማት የማይከፈል ዋጋ አልነበረም። መስመሩ ሲመለስ ግን ብዙዎቻችን ወደ «ነገ እደውላለሁ» ተመለስን።

ችግሩ የኛ ብቻ እንዳልሆነ ዓለም ይነግረናል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ብቸኝነትን የሚከታተል ሚኒስትር ሾመች፤ ጃፓንም በ2021 ተከተለች። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 የጀመረውና ሰዎችን ከወጣትነት እስከ እርጅና የተከታተለው ጥናት ያገኘው ዋነኛ ነገር ሀብት ወይም ዝና አይደለም፤ በ50 ዓመታቸው ከቅርብ ሰዎቻቸው ጋር በደስታ የኖሩት በ80 ዓመታቸው ጤናማ ሆነው መገኘታቸው ነው። በዚሁ በመቄት አምባዎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ገበሬዎቻችን በሚያስተናግዷቸው ጎጆዎች ያድሩ የነበሩት የውጭ እንግዶችም ከመኪና ወርደው፣ ከመንደር መንደር በእግራቸው ሄደው፣ ከሰው ጋር እሳት ዳር ለመቀመጥ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። ሌላው ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚሻውን እኛ በቤታችን ይዘን ልንጥለው አይገባም።

አንዳንዱ «ያለፈው ዘመን ይመለስ ነው ወይ የምትለን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ያለፈው ዘመን ረኀብም፣ የድግስ ዕዳም፣ ሴቶችን በጓዳ ያስቀረ ወግም ነበረበት። ማኅበር የሚወጣበት ቀን ለእናቶች ከሥራ ቀን የከበደ እንደነበር አንርሳ። ልንይዘው የሚገባው አንድ ብልሃት ነው፤ ለምንወደው ሰው ቀን መቁረጥና ቀኑን እንደ ግዴታ ማክበር። የቁም ተስካር የሚያወጡ አረጋውያን ይህን አስቀድመው የተረዱ ይመስለኛል። ካህናቱንና ጎረቤቱን በሕይወታቸው ሰብስበው ያበላሉ፣ ያጠጣሉ፣ ምርቃት ይቀበላሉ። ድግሱን ባለቤቱ ራሱ ያየዋል።

ስለዚህ ለቅሬ ዳኞች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለቀብር የቀረ እንደሚቀጣ ሁሉ፣ አባል ሲታመም አባላት በተራ እንዲጠይቁት በደንባችሁ ጻፉ፤ ተራውን የሳተም መቀጫ ይክፈል። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያንም ተረኛ ጎረቤት መድቡ። መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ የአያቶቻቸውን ታሪክ ጠይቀው እንዲጽፉ የቤት ሥራ ስጧቸው፤ አንድ ደብተር ሲሞላ ልጁ ከአያቱ ጋር ብዙ ምሽት መቀመጡ አይቀርም። በሩቅ ያላችሁ ልጆች፣ ለማኅበር ቀን እንደሚቆረጥ ለእናታችሁም ከሳምንቱ አንድ ምሽት ቁረጡ፤ ገንዘብ ባይኖራችሁም ደውሉ። ባልና ሚስቶች፣ ቡናው ሦስተኛው እስኪጠጣ ስልካችሁን አስቀምጡ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። የፈሰሰ እህል ግን ይለቀማል፤ ያለፈ ሰው አይለቀምም።

ክቡራትና ክቡራን፣ ለሬሳ ሥራ መፍታት የሚችል ሕዝብ ለታመመ ጎረቤት አንድ ሰዓት የለኝም ቢል ማንም አያምነውም። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ፣ ቢሞት ለቀብሩ ሥራችሁን ጥላችሁ የምትሄዱለትን አንድ ሰው አስቡና በቁሙ ሳለ ሂዱለት። በለቅሶው ላይ ልትናገሩለት የምትችሉትንም መልካም ነገር ለራሱ ንገሩት።