ከግድቡ እስከ ምጣዱ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የከተማ ዕድገትና ኢንዱስትሪ በኃይል ፍጆታ ላይ የሚያመጡት ለውጥ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ በአገራችን ከሚታየው አልወጣም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ብዙ ዓመት አልቆየም። ቤት የሚሠራውም እንጀራ የሚጋገረውም በእንጨት ነበር። ማገዶው እየራቀ ስለ ሄደ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ካለችበት ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ የኃይል ጥያቄ ዋና ከተማን ሊያስነቅል የደረሰ የቆየ ጥያቄ ነው።

ብዙዎቻችን፥ የባላገር ሰው ከተማ ሲገባ ማገዶ ትቶ ኤሌክትሪክ ይይዛል ብለን እናስባለን። ነገሩ ግን እንደዚህ ቀላል አይደለም። በገጠር ቤት የሚነደው ጭራሮ፥ ቅርንጫፍና ኩበት ነው። ያው ቤተሰብ ከተማ ገብቶ አንዲት ክፍል ሲከራይ ከሰል ይገዛል፤ ከሰል ለማጓጓዝ ይቀላል፥ ጭሱም ትንሽ ነውና። ነገር ግን በአፈር ተዳፍኖ አንድ ኪሎ ከሰል እስኪወጣ ድረስ 5 ኪሎ ያህል፥ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ እንጨት ያልቃል። ከእንጨቱ ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠው እዚያው ዱር ውስጥ ይባክናል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ወደ ማድቤት ካልገባ በቀር፥ ከተማው በሰፋ ቁጥር በዛፉ ላይ ያለው ሸክም ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ኢንዱስትሪውም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው። የልብስ ፋብሪካ መኪና በኤሌክትሪክ ይዞራል። የሲሚንቶ ምድጃ ግን 1450 ዲግሪ ያህል ሙቀት ስለሚፈልግ በአገራችን በአብዛኛው በከሰል ድንጋይ ይነዳል። ስለዚህ ዛሬ በየመንገዱ የሚቆመው ፎቅ፥ አንድ አምፖል ሳይበራበት ገና፥ ብዙ ኃይል በልቷል።

አሁን ወደ ግድቦቻችን እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ 43 ሺህ ኪሎዋት ያህል የማመንጨት አቅም ነበረው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ አቅም ደግሞ 5150 ሜጋዋት፥ ማለት ከቆቃ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ይህ ሁላችንን የሚያኰራ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ይህም 350 ባለ 10 ዋት አምፖሎችን ያበራል። የቆቃ ኃይል በሙሉ ለምጣድ ብቻ ቢሰጥ፥ በአንድ ጊዜ 12 ሺህ ያህል ምጣዶችን ቢያግል ነው። በበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲያግል ትራንስፎርመሩ የሚጨነቀው ስለዚህ ነው።

አባቶቻችን «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ይላሉ። ዛሬም ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ በቤቱ ኤሌክትሪክ የለውም። መብራት ባለበት ከተማ እንኳ አምስትና ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ አከራዩም ቆጣሪው እንዳይቃጠል ፈርቶ ምጣድ ይከለክላል። ተከራይዋ ምን ታድርግ? ወይ እንጀራ ትገዛለች፥ ወይ ወደ ከሰሉና ወደ እንጨቱ ትመለሳለች። ከእንጦጦ ቁልቁል 30 ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት እናቶቻችንም ገበያ የሚያገኙት ከዚህ ነው። እነርሱን ማባረር መፍትሔ አይሆንም፤ ከሸክሙ በቀር ሌላ እንጀራ የላቸውም።

በበኩሌ የምለው ይህ ነው። ግድብ መሥራት የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ በግድቡና በምጣዱ መካከል ያለው ነገር፥ ማለት መስመሩ፥ ትራንስፎርመሩ፥ ቆጣሪውና ትንሽ ኃይል የሚበቃው ምጣድ ነው። ይህ የመንግሥት ሥራ ብቻ ነው ብለን እጃችንን አናጣጥፍ። የምሕንድስና ተማሪዎች ሙቀት የማያባክን ምጣድ ይሞክሩ። ሌሎቻችን በመጪው ክረምት በግቢያችን ዙሪያ ባሉት ሰፈሮች ቤት ለቤት ዞረን፥ ስንት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ እንደሚኖርና በምን እንደሚጋግር እንመዝግብ። ማኅበራችን ይህን ሐሳብ ተቀብሎ ኮሚቴ እንዲያቋቁም እጠይቃለሁ።