ስለ ልጆቻችን ጉብኝት በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ገለጻ



ልጆቹ የጥንት ግንብ ይዩ ብለን ተስማምተናል። የቀረው ክርክር የት ይሂዱ የሚለው ነው። ጎንደር ያላችሁ ልክ ናችሁ፤ አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን ያቆሙት ግንብ መታየት ያለበት ነው። ነገር ግን ከጅጅጋ ጎንደር ሩቅ ነው። ትራንስፖርትና አልጋ ሲደመር የነጋዴ ልጅ ይሄዳል፣ የሻይ ሻጯ ልጅ ይቀራል። እኔ ይህን አልቀበልም።

ሐረር እኮ አጠገባችን ነው! ካራማራን አልፈን፣ ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዝተን ጠዋት እንደርሳለን፤ ማታ እቤታችን ነን። የጀጎልን ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ከግርጌው ጅብ ሌሊት የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ አለው፤ ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

አደራ፣ ጀጎል ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። ሳያስፈቅዱ ሰው ግቢ መግባት፣ ግንቡ ላይ መውጣት የለም።

መክፈል ያልቻለ ወላጅ ለእኔ ለብቻዬ ይንገረኝ። ስሙ በሰሌዳ አይለጠፍም።