ከመስጠታችን በፊት እንጠይቅ፣ እንለካ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ አጋዥ መሣሪያዎች አመራረጥ ልንናገር የቆምነው አዋቂ ስለሆንን ሳይሆን ስለተሳሳትን ነው። ከዚህ ቀደም በእርዳታ ያገኘናቸውን ዊልቸሮች ለአካል ጉዳተኛ አባሎቻችን ስናድል ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ቡና ተፈላ። ወንበሮቹ ግን ሁሉም አንድ ልክ ነበሩ። የማንንም ዳሌ አልለካንም፤ የማንንም ደጅ አላየንም።

ከወራት በኋላ ቤት ለቤት ስንዞር አንዷን እናታችንን መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ዊልቸሩ ጥግ ቆሞ ልብስ ተሰጥቶበታል። "ልጆቼ፣ ስጦታችሁን ንቄ አይደለም። ሰፍቶኝ ወደ ጎን ያጋድለኛል፤ መቀመጫዬንም አቆሰለኝ። ደጄም ድንጋይ ነው፤ የፊቱ ጎማ ይቀረቀራል" አሉን። አፈርን። የሰጠናቸው ለሆስፒታል ለስላሳ ወለል የተሠራ ወንበር ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ጠይቀን የተማርነውን እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ ባለጉዳዩን መጠየቅ ነው፤ የት ትውላለች? በምን መንገድ ትሄዳለች? ማን ያግዛታል? ኬሚሴ አስፋልት ዳር የምትነግድ እህትና ክረምት ጭቃው በሚይዘው በጨፋ ሜዳ የምትኖር እህት አንድ ዓይነት ወንበር አይስማማቸውም። ለገጠር መንገድ የፊቱ ጎማ ትልቅና ሰፋ ያለ ይሁን። ነፋስ የሚሞላ ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ ይጠግነዋል፤ መለዋወጫው አገር ውስጥ የማይገኝ ወንበር ግን አንድ ዕቃ ሲጎድለው ቆሞ ይቀራል።

ሁለተኛው መለካት ነው። የመቀመጫው ስፋት ከዳሌ ጋር ይግጠም፤ መርገጫው እግርን ይደግፍ። ገላው ስሜት ለሌለው ሰው ጥሩ ትራስ ቅንጦት አይደለም፤ ሳይታወቅ ሥር የሰደደ ቁስል ሕይወት ያሳጣል። ክራንችም በብብትና በራሱ መካከል ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይፈልጋል። ክብደቱ በእጅ ይያዝ፤ ብብት ላይ ካረፈ ነርቭ ይጎዳል።

ሦስተኛው ክትትል ነው። ሰው ሠራሽ እግር የሚያስፈልጋት ልጅ ደሴ ወዳለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል አንዴ ሄዳ አይበቃትም፤ ስታድግ እንደገና ትለካለች። መሣሪያው በነጻ ቢገኝ እንኳ የመኪናው፣ የማደሪያው፣ የአስታማሚዋ ወጪ አለ።

ይህ ችሮታ ብቻ አይደለም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 አካል ጉዳተኞች ራሳቸው በመረጡት መንገድና ጊዜ፣ አቅም በሚፈቅደው ዋጋ እንዲንቀሳቀሱ መንግሥታትን ያስገድዳል። ምርጫው የእነሱ ነው።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፤ የአሥር ዊልቸር ገንዘብ ካላችሁ ስድስት እንግዛና የቀረው ለልኬት፣ ለትራንስፖርትና ለጥገና ይዋል። በሪፖርታችን ላይ ቁጥሩ ያንሳል፤ ጥግ የሚቆም ወንበር ግን አይኖርም። አባሎቻችን ደግሞ በጎረቤት ያለ ሥራ የቆመ ዊልቸር ካያችሁ ንገሩን፤ ማንንም አንወቅስም።

የእናታችን ቁስል ድኗል። አዲሱ ወንበራቸው ገና አልመጣም። ሲመጣ ግን በልካቸው የተሠራ፣ እሳቸውም የመረጡት ይሆናል።