ስለ ጉምና ስለ ውርጭ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ አጭር ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ጨረቃ ጉዞ ይሁን አሉ። ነገር ግን ከመካከላችን ጨረቃን የረገጠ የለም፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ማለዳ ግን ያልቀመሰ የለም። እጁን ቆፈን ይዞት ብዕር መጨበጥ ያቃተው ተማሪ ስለ ብርድ ለመናገር በቂ ሥልጣን አለው ብለን ይህን ርእስ መረጥን።

ነገሩ የተነሣው ከአንድ የክፍል ጓደኛችን ቤት ነው። አባቱ በበሬሳ ወንዝ አጠገብ ባለው ዝቅተኛ መሬት ባቄላ ዘርተው ነበር። ባቄላው አብቦ ፍሬ መያዝ ሲጀምር፣ በጥቅምት መጨረሻ በአንዲት ጥርት ያለች ሌሊት ውርጭ ወረደበትና ሲነጋ የፈላ ውሃ እንደ ተደፋበት ጠቁሮ ተገኘ። ከዚያው ማሳ ወደ ዳገቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ያለው የአጎቱ ባቄላ ግን ምንም አልሆነም። ጓደኛችን በዚያ ዓመት ትምህርቱን ሊያቋርጥ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በመንደሩም ምቀኛ ነው ያለ ነበር፤ የእግዜር ቁጣ ነው ያለም ነበር። እኛን ያስጨነቀን ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ተራራ በወጡ መጠን ብርድ ይጨምራል ተብለን ተምረን ሳለ፣ ከፍ ያለው ማሳ ድኖ ዝቅ ያለው ስለ ምን ተቃጠለ?

መልሱን ለማግኘት ሁለት ቴርሞሜትር ተውሰን አንዱን ከወንዙ ዳር፣ ሁለተኛውን ከተረተሩ ላይ ሰቀልን። ፀሐይ ሳትወጣ እየሄድን እናነብ ነበር። (አንድ ቀን የመንደር ውሾች አባርረውን ሳናነብ ተመልሰናል፤ የዚያ ቀን መዝገባችን ባዶ ነው።) ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ባልነበረበት ማለዳ ሁሉ የወንዙ ዳር ከተረተሩ ይልቅ ቀዝቅዞ አገኘነው። ደመና ባደረበት ወይም ነፋስ በነፈሰበት ማለዳ ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ሲኖር እንደ መንዝ ባና ሆኖ ያለብሳታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ራቁቷን ታድራለች። መሬት ስትቀዘቅዝ የነካት አየርም ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ቁልቁለቱን ተከትሎ ወርዶ በሸለቆው ውስጥ ይተኛል። ወደ ላይ በወጡ መጠን በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዙ እውነት ነው፤ ሆኖም እንዲህ ባለች ሌሊት በሸለቆውና በዳገቱ መካከል ሕጉ ይገለበጣል። በሸለቆው የተኛው አየር እርጥበት ካለው፣ እንፋሎቱ ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ጉም ይሠራል፤ ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ በታች ሲወርድም ሣሩን አመዳይ ያለብሰዋል።

የጣርማ በር ጉም ግን ሌላ ነው። ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የቆላው አየር ያንን ገደል ሲወጣ እየሰፋ ይቀዘቅዝና በጣልያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ አፍ ላይ ጉም ሆኖ ይቆማል። ሾፌሮች በቀትር መብራት አብርተው ሲሄዱ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እንግዲህ አንዱ ጉም የሚወርድ፣ ሌላው የሚወጣ ነው።

ጉም ብቻውን ሰው አይገድልም፤ ጢስ ሲቀላቀልበት ግን ይገድላል። በ1923 ዓ.ም. በጥቅምት 23 በአዲስ አበባ የዘውድ በዓል ተከብሮ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ከኅዳር 22 እስከ 26 ድረስ በቤልጅግ አገር በሜዝ ወንዝ ሸለቆ፣ በሁይና በሊየዥ መካከል እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ አየር ተኛ። በላዩ ሞቃት አየር እንደ ክዳን ስለ ገጠመ የፋብሪካዎቹ ጢስ መውጫ አጣ። በጥቂት ቀን ውስጥ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጉዳዩን ከመረመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ዣን ፊርኬ፣ ይህ በሎንዶን ቢደርስ ከ3,000 በላይ ሰው በድንገት ሊሞት ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። ሰሚ አልተገኘም። በ1945 ዓ.ም. ከኅዳር 26 እስከ 30 ድረስ በሎንዶን ደረሰ፤ በጊዜው የሞቱት 4,000 ያህል ተብለው ተገመቱ፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ግን እስከ 12,000 አደረሰው። እንግሊዞች የአየር ንጽሕና ሕግ ያወጡት ከዚያ ወዲያ፣ በ1948 ዓ.ም. ነው።

እኛ የሜዝን ያህል ፋብሪካ የለንም። ነገር ግን በኅዳር ማለዳ ከተረተሩ ላይ ሆነን ስንመለከት፣ ከየማድ ቤቱ የወጣው ጢስ ጥቂት ከፍ ይልና ወደ ጎን ተዘርግቶ በወንዙ ላይ ይተኛል። ክዳኑ እዚያ ነው ማለት ነው። እግረ መንገዳችንን እናቶቻችንን የምንለምነው አለ። ብርድ ሲጠና የከሰል ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ከውርጩ ይልቅ ያስፈራል፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ አይታይም፣ አይሸትምም።

የጓደኛችን አባት በተከታዩ ዓመት ባቄላውን ወደ ዳገቱ አውጥተው የወንዙን ዳር ለከብት ሣር ተዉት። ነገሩን ስናስረዳቸው ግን ሳቁብን። «ልጆቼ፣ ብርድ ጉድጓድ እንደሚወድ አባቴም ይነግረኝ ነበር፤ ያልነገረኝ ዳገት የሌለው ሰው የት እንደሚዘራ ነው» አሉን። ለዚህ መልስ አልነበረንም። መምህራችን ውርጩ ሳይመጣ ቶሎ የሚደርስ ዘር መፈለግ ይሻላል ይላሉ፤ ለዚያ ግን ውርጩ በየዓመቱ መቼ እንደሚጀምር ማወቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ ውርጭ ማሳችሁን የመታበትን ቀንና የማሳውን ስፍራ የምታስታውሱ ብትኖሩ፣ ከበዓሉ በኋላ በሳይንስ ክፍል በር ላይ መዝገብ ይዘን እንቆማለን። ቀኑን በትክክል ባታስታውሱ፣ ከየትኛው በዓል በፊት ወይም በኋላ እንደ ነበር ብትነግሩን ይበቃናል።