ባልዲ የማያስገባ ቧንቧ

እሱ፦ ሰሞኑን ቤት የሚያሠራ ሁሉ ወሬው ስለ ቧንቧ ሆኗል። ጥቁሩ፣ ወርቃማው፣ እንደ ፏፏቴ የሚፈሰው…

እሷ፦ ያምራል እኮ! ምን አለበት?

እሱ፦ ማማሩስ ያምራል። ግን አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው። ውሃ በመጣ ቀን ባልዲ ከሥሩ ካልገባ ምን ይሠራልሻል?

እሷ፦ እሱስ እውነትህን ነው። አፉ ከማጠሩ የተነሳ እጅ እንኳ በወጉ የማያስታጥብ አለ።

እሱ፦ ሻወሩንማ ተዪው! ያ ከኮርኒስ የሚንጠለጠለው ሰፊው ግፊት ይፈልጋል። 1 ባር ግፊት ለማግኘት ውሃው 10 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። የውሃ ሮቶሽ ከሻወሩ በስንት ሜትር ከፍ ይላል?

እሷ፦ ቢበዛ 3 ሜትር።

እሱ፦ 0.3 ባር! ጠብ ጠብ ነው እንግዲህ።

እሷ፦ ፓምፕ አለ አይደል?

እሱ፦ መብራት ሲጠፋስ?

እሷ፦ ቆይ ቆይ፣ ርካሽ ግዙ እያልክ እንዳይሆን። የርካሹ ልባስ ወዲያው ነው የሚላጠው።

እሱ፦ ኧረ አላልኩም! ናስ ይሁን፣ በእጅ ሲይዙት ከበድ ይበል። ዋናው ግን መለዋወጫው ነው። የተራው ቧንቧ ጎማ ሰፈር ሱቅ ይገኛል።

እሷ፦ የዲዛይነር ቧንቧው ካርትሬጅ ሲበላሽ ግን መርካቶን ዞረህም ልኩን ላታገኝ ትችላለህ።

እሱ፦ ቧንቧ ሠራተኛውም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ሙሉውን ቀይሩት» ነው የሚለው።

እሷ፦ እኔ ግን ለእንግዳ መታጠቢያው አንድ ቆንጆ ማስገባቴ አይቀርም።

እሱ፦ አስገቢ፣ ማን ከለከለሽ! የኩሽናው ብቻ አፉ ረጅም፣ ወዲያ ወዲህ የሚዞር ይሁን።

እሷ፦ ትልቁ ድስት እንዲገባ። እዚህ ላይ ተስማምተናል።