ከብዙኃኑ ፊት ብቻውን የቆመ ምስክር

አቅራቢ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ፣ ዋርሶ የተወለዱት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰለሞን አሽ ለተማሪዎች ቀላል ጥያቄ አቀረቡ። ከሦስት መስመሮች በርዝመቱ ከናሙናው መስመር ጋር እኩል የሆነው የቱ ነው?

በየቡድኑ እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ አስቀድመው ከአሽ ጋር ስለተስማሙ፣ እየደጋገሙ የተሳሳተውን መስመር በአንድ ድምፅ ይመርጣሉ። ተፈታኙ ዓይኑን ይመን ወይስ ጓደኞቹን? በእነዚህ ዙሮች ከተሰጡት መልሶች ሲሶ ያህሉ ብዙኃኑን ተከተሉ።

ከአራት ተፈታኞች አንዱ ግን አንድም ጊዜ አልተከተለም። ስለ ሙከራው ሲወራ እነዚህ ጽኑዎች መዘንጋታቸው ያሳዝናል።

ይበልጥ የሚደንቀው ሌላ ነው፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር፣ የተፈታኞቹ ስህተት ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ።

አድማጮቻችን፣ በስብሰባም ሆነ በቤተሰብ ሸንጎ አንድ ሰው ብቻውን እውነት ሲናገር ከሰማችሁ፣ ዝም አትበሉ፤ አብራችሁት ቁሙ።