የወደቀውን ዓምድ ስለ ማንሣት፤ በድረ ገጽ ሥራ የፍሎትና የኅዳግ ሥርዓት

(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተነገረ)



የመረጥሁት ነገር ሲሰሙት ደረቅ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም በድረ ገጽ ላይ ጽሑፍና ሥዕል በየቦታቸው እንዲቀመጡ የሚያደርገው ሥርዓት፣ ይልቁንም ፍሎትና ማርጂን የሚባሉት ሁለቱ ትእዛዞች ናቸው። ነገሩ ደረቅ ቢመስልም ጥቅሙ ለሁላችንም ይደርሳል። ዛሬ ብዙ ወላጅ የልጁን የፈተና ቀን፣ ብዙ ሕመምተኛም የክሊኒኩን ሰዓት የሚያነበው በስልኩ ስክሪን ላይ ነው። ሥዕሉ በጽሑፉ ላይ ቢደረብ፣ ወይም የቀኑ ዝርዝር ከቦታው ወድቆ ከገጹ ግርጌ ቢቀር፣ ያ ማስታወቂያ ለአንባቢው እንዳልተጻፈ ይቈጠራል።

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ድረ ገጽ መሥራት የጀመሩ ብዙ ናቸው። አንድ ሣጥን ከቦታው ሲወጣባቸው አብዛኞቹ የሚያደርጉት አንድ ነው፤ ቍጥሩን ከ10 ወደ 15፣ ከ15 ወደ 12 እየለዋወጡ እስኪስተካከል ድረስ ይሞክራሉ። በአንዱ ስክሪን ላይ ሲቃና በሌላው ይፈርሳል። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ሣጥን ያለ ምክንያት አይወድቅም። ለመውደቁ የተጻፈ ደንብ አለ፤ ደንቡን ያወቀ በአንድ መሥመር ትእዛዝ ያቃናዋል፤ ያላወቀ ግን ቍጥር ሲለዋውጥ ይመሽበታል።

በመጀመሪያ ስለ ቋንቋው ጥቂት ልበል። በድረ ገጽ ሥራ ኤች ቲ ኤም ኤል የሚባለው ቋንቋ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሥዕል ነው ይላል። ሲ ኤስ ኤስ የሚባለው ደግሞ ነገሩ እንዴት ሆኖ እንደሚታይ ያዝዛል። የሲ ኤስ ኤስን አሳብ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረበው ሆከን ቪዩም ሊ የተባለ የኖርዌይ ሰው ነው። እርሱና በርት ቦስ የደከሙበት የመጀመሪያው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ጸደቀ። ፍሎትም ማርጂንም ከዚያ ከመጀመሪያው ደንብ ጀምሮ የነበሩ ናቸው።

ብራውዘር ገጹን የሚያየው እንደ ሣጥኖች አድርጎ ነው። የሣጥኑን አሠራር በቤት ብንመስለው ይቀላል። ከመካከል ቤቱ አለ፤ ይህ ይዘቱ ነው። በቤቱ ዙሪያ ግቢው አለ፤ ይህ ፓዲንግ የሚባለው የውስጥ ክፍተት ነው። ግቢውን አጥር ይከብበዋል፤ ይህ ጠርዙ ነው። ከአጥሩ ውጭ ከጎረቤት የሚለየው መተላለፊያ ደግሞ ማርጂን፣ ማለት ኅዳግ ነው። ኅዳግ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ገና ብርዓቸውን ሳያነሡ በወስፌ ምልክት እየወጉ ዓምዱንና መሥመሩን ያሰምሩ ነበር፤ ኅዳጉም አስቀድሞ ይለካ ነበር።

ፍሎት ማለት ማንሳፈፍ ነው። አንድን ሥዕል ወደ ግራ ተንሳፈፍ ብለን ብናዝዘው ከተራው ወጥቶ ወደ ግራው ጠርዝ ይጠጋል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም ጽሑፍ ውኃ ድንጋይን ዞሮ እንደሚያልፍ በጎኑ ይፈስሳል። በጋዜጣ ላይ ሥዕልን ጽሑፍ ከብቦት የምናየው ዓይነት ነው። ፍሎት የተፈጠረው ለዚህ ሥራ ነበር። ኋላ ግን የተሻለ መሣሪያ ባልነበረበት ጊዜ ባለሙያዎች ሙሉውን ገጽ በዓምዶች ለመክፈል ተጠቀሙበት። ብዙዎቹ ችግሮች የተወለዱት ከዚህ ነው፤ ለአንድ ሥራ የተፈጠረ ዕቃ ለሌላ ሥራ ሲውል ዋጋ ያስከፍላልና።

እንግዲህ በየጊዜው የሚያጋጥሙትን ችግሮች አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛው የዓምድ መውደቅ ነው። ስፋቱ 960 ፒክስል የሆነ መያዣ ሣጥን አለን እንበል። በውስጡ 640 እና 320 ፒክስል የሆኑ ሁለት ዓምዶች ጎን ለጎን አንሳፈፍን፤ ድምራቸው 960 ስለ ሆነ ልክ ይገባሉ። ቀጥሎ ጽሑፉ ከጠርዙ ጋር እንዳይጣበቅ ብለን ለሰፊው ዓምድ በግራና በቀኝ 20፣ 20 ፒክስል ፓዲንግ ሰጠነው። ወዲያው ጠባቡ ዓምድ ከሰፊው በታች ይወድቃል። ብራውዘሩ ግን አልተሳሳተም። በቀድሞው ደንብ ስፋት የሚባለው የይዘቱ ስፋት ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰፊው ዓምድ አሁን 680 ሆኗል፤ 680 እና 320 ሲደመሩ 1000 ይሆናሉ፤ ከመያዣው በ40 ይበልጣሉ። ተንሳፋፊ ሣጥን በጎን ስፍራ ሲያጣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ደንቡ ይህ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ወይ ስፋቱን ወደ 600 መቀነስ፣ ወይም ቦክስ ሳይዚንግ የተባለውን ትእዛዝ ቦርደር ቦክስ አድርጎ ፓዲንጉና ጠርዙ በ640 ውስጥ እንዲቈጠሩ ማድረግ። ነገር ግን ኅዳግ በዚህም ቢሆን ከስፋቱ ውጭ ስለሚቀር ለብቻው ይደመር። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለዚህም ሥራ ይስማማል።

ሁለተኛው የመያዣ ሣጥን ቁመት መጥፋት ነው። ተንሳፋፊዎች ከተራው ስለ ወጡ፣ መያዣው ቁመቱን ሲለካ አይቈጥራቸውም። በውስጡ ያሉት ተንሳፋፊዎች ብቻ ከሆኑ የይዘቱ ቁመት ባዶ ይሆናል፤ የቀባነውም የጀርባ ቀለም ይጠፋል፤ ከሥር የነበረው ክፍል ወደ ላይ ይወጣል። ይህ የተደረገው በስንፍና አይደለም። ሥዕሉ ከአንቀጹ ቢረዝም የሚቀጥለውም አንቀጽ በሥዕሉ ጎን እንዲፈስስ ታስቦ ነው። መያዣው ተንሳፋፊዎቹን እንዲያቅፍ ከፈለግን ግን ማዘዝ አለብን። የቀድሞ ባለሙያዎች በመያዣው ውስጥ፣ ከሁሉ በመጨረሻ፣ ክሊር ቦዝ የተባለ ትእዛዝ ያለበት ባዶ ክፍል ያስገቡ ነበር። ሌሎች ኦቨርፍሎውን ሂደን ያደርጋሉ፤ ይህም ይሠራል፤ ነገር ግን ከሣጥኑ የተረፈውን ሁሉ ስለሚሸፍን አስፈላጊ ጽሑፍ ተቈርጦ ሊቀር ይችላል። ንጹሑ መፍትሔ ዲስፕሌይን ፍሎው ሩት ማድረግ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በታወቁት ብራውዘሮች ውስጥ እየገባ የመጣ ነው።

ሦስተኛው የኅዳጎች መዋሐድ ነው። የላይኛው አንቀጽ የታች ኅዳግ 30፣ የታችኛው አንቀጽ የላይ ኅዳግ 20 ቢሆን፣ በመካከላቸው የሚገኘው ክፍተት 50 ሳይሆን 30 ነው፤ ትልቁ ትንሹን ይውጠዋል። ይህም በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ እንዳይሆን የተሠራ ጥሩ ደንብ ነው። ጀማሪን የሚያስደነግጠው ግን ሌላው መልኩ ነው። ለመያዣው የመጀመሪያ ልጅ የላይ ኅዳግ ስንሰጠው፣ ልጁ በመያዣው ውስጥ በመውረድ ፈንታ ኅዳጉ ወደ ውጭ ይወጣና መያዣውን በሙሉ ይዞት ይወርዳል። በሁለቱ ኅዳጎች መካከል የሚለይ ነገር ስላልነበረ ተዋሐዱ። ስለዚህ ለመያዣው ጥቂት የላይ ፓዲንግ ወይም ቀጭን ጠርዝ ብንሰጠው፣ ወይም ፍሎው ሩት ብናደርገው፣ ኅዳጉ በውስጡ ይቀራል። የግራና የቀኝ ኅዳጎች ከቶ አይዋሐዱም፤ የተንሳፋፊ ሣጥንም ኅዳግ ከማንም ጋር አይዋሐድም።

አራተኛው የፎቶግራፎች መሰናከል ነው። የተማሪዎችን ፎቶግራፍ በአንድ ረድፍ ሦስት ሦስት አድርገን ወደ ግራ አንሳፈፍን እንበል። ከመጀመሪያው ሥር ያለው ስም ረዥም ስለ ሆነ ሣጥኑ ከሁለቱ ባልንጀሮቹ ቢረዝም፣ አራተኛው ፎቶግራፍ ወደ ግራ ሲጠጋ በዚያ ረዥም ሣጥን ይያዝና ከመካከል ይቀራል፤ ከግራውም ባዶ ስፍራ ይታያል። መፍትሔው የየረድፉን መጀመሪያ፣ ማለት አራተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ዐሥረኛውን፣ ክሊር ሌፍት ብሎ ከቀደሙት ተንሳፋፊዎች በታች እንዲጀምር ማዘዝ ነው።

አምስተኛው ሣጥንን ከመካከል ማስቀመጥ ነው። ለሣጥኑ የታወቀ ስፋት ሰጥቶ የግራና የቀኝ ኅዳጉን ኦቶ ማድረግ ይበቃል፤ ብራውዘሩ የተረፈውን ስፍራ ለሁለት እኩል ይከፍለዋል። ነገር ግን ሣጥኑ ተንሳፋፊ ከሆነ ኦቶ የተባለው ኅዳግ እንደ 0 ስለሚቈጠር ከመካከል አይቀመጥም። አንድ ሣጥን በአንድ ጊዜ ሊንሳፈፍም ከመካከል ሊቆምም አይችልም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በቋንቋችን «ስለሚያስፈልጋቸውም» እንደሚለው ያለ ረዥም ቃል ብዙ ነው፤ ብራውዘሩም ቃሉን ከመካከሉ አይሰብረውም። በጠባብ የስልክ ስክሪን ላይ በተንሳፋፊው ሥዕል ጎን የቀረው ስፍራ ለአንድ ቃል እንኳ ካልበቃ፣ መሥመሩ በሙሉ ከሥዕሉ በታች ይወርዳል፤ በሥዕሉም ጎን ባዶ ስፍራ ይቀራል። ስለዚህ ስክሪኑ ሲጠብ ሥዕሉ መንሳፈፉን ትቶ ሙሉውን ስፋት እንዲይዝ ማዘዝ መልካም ነው።

ጥፋቱ የብራውዘሩ የሚሆንበት ጊዜ የለም ወይ? አዎን፣ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ወደ ግራ ለተንሳፈፈ ሣጥን የተሰጠውን የግራ ኅዳግ እጥፍ ያደርግ ነበር፤ 10 ያሉት 20 ሆኖ ይታይ ነበር። ባለሙያዎች ግን ይህንንም በትዕግሥት መርምረው፣ የሣጥኑን ዲስፕሌይ ኢንላይን ማድረግ እንደሚያቃናው ደረሱበት። ይህም የሚያስተምረን ደንቡን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ብቻ የመሣሪያውን ጥፋት ከራሱ ጥፋት ለይቶ ማወቅ እንደሚችል ነው።

ከእናንተ መካከል፣ ዛሬ ፍሌክስቦክስና ግሪድ የሚባሉ መሣሪያዎች እያሉ ይህን ሁሉ መማር ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግሪድ እ.ኤ.አ. በ2017 በታላላቆቹ ብራውዘሮች ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ አዲስ ገጽን በዓምድ ለመክፈል ፍሎትን የሚመርጥ አይኖርም፤ እናንተም አትምረጡ። ነገር ግን በፍሎት ተሠርተው እስከ ዛሬ የሚያገለግሉ ገጾች አሉ። ወደ ሥራ ስንሰማራ ሁልጊዜ አዲስ ቤት እንድንሠራ ብቻ አንጠየቅም፤ የቆመውን እንድንጠግን እንጠየቃለን። የቀደመውን አሠራር ያላወቀ ጠጋኝ አንዱን ሲያቃና ሌላውን ያፈርሳል። ከዚህም በላይ ሥዕልን በጽሑፍ ለማስከበብ ፍሎት ዛሬም ትክክለኛው መሣሪያ ነው፤ የኅዳግም ደንብ አላረጀም።

በመጨረሻ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ሦስት ምክር ልተው። ገጽ ሲበላሽባችሁ ቍጥር ከመለወጣችሁ በፊት በብራውዘሩ ውስጥ ያለውን መመርመሪያ ከፍታችሁ የሣጥኑን ይዘት፣ ፓዲንግ፣ ጠርዝና ኅዳግ ተመልከቱ። ሣጥኑ የት እንደሚያልቅ ለማየት ስታሰምሩበት ቦርደርን ሳይሆን አውትላይንን ተጠቀሙ፤ ቦርደር ስፍራ ስለሚይዝ ራሱ ሌላ ዓምድ ሊጥል ይችላል፤ አውትላይን ግን ስፍራ አይወስድም። ደግሞም ስፋቱን በወረቀት ላይ ደምሩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የገጽንም ጥፋት በቍጥር መለዋወጥ መሸፈን በሽታን መደበቅ ነው፤ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ግን ማዳን ነው። ይህን ልማድ በትንሹ ሣጥን ላይ ከተማርነው፣ ነገ ድልድይ ወይም ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት በአደራ ሲሰጠን ይጠቅመናል። ያቺ የልጅዋን የፈተና ቀን በስልክዋ የምትፈልግ እናት ሥራችንን የምትመዝነው ባወቅነው ትእዛዝ ብዛት አይደለም፤ የፈለገችው ቀን በቦታው ተቀምጦ በማግኘትዋ ነው።